ቆይታው ከየት ይመጣል? የእንግሊዝኛ ፐርፌክት እና የአማርኛ አቆጣጠር

ፕረዘንት ፐርፌክት በክፍል ውስጥ ሲተዋወቅ አብራው የምትመጣ አንዲት ፍቺ አለች፤ «ባለፈ ጊዜ ተጀምሮ እስካሁን የቀጠለ ድርጊት»። ተማሪው ይሸመድዳታል፤ ፈተናም ታሳልፈዋለች። ይሁንና ፍቺዋ በአንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ትፈርሳለች። «ሺ ሃዝ ሊቭድ ኢን ሐረር» ያለ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሴትዮዋ ዛሬም ሐረር ናት አላለም፤ በዕድሜዋ አንድ ወቅት ሐረር ኖራ ታውቃለች ነው ያለው። አድማጩ «እስካሁን እዚያው ናት» ብሎ የሚረዳው «ፎር ፋይቭ ዪርስ» ሲጨመርበት ነው። ግሡ ያው ነው፤ የመጣው አዲስ ነገር የጊዜ መለኪያው ብቻ ነው። እንግዲህ ቆይታን ለፐርፌክት ብቻ የሰጠችው ፍቺ የሌላውን ድካም ለእሱ አስመዝግባለች ማለት ነው።

መለኪያው ቢገባም ነገሩ አይቋጭም። «ሺ ሃዝ ሊቭድ ኢን ሐረር ፎር ፋይቭ ዪርስ» አሁንም ሁለት መንገድ አለው፤ አምስቱ ዓመት ዛሬ ድረስ የዘለቀ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በሕይወቷ መሀል ያለፈ አምስት ዓመት። ዴቪድ ዳውቲ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የፍቺ ጥናት መጽሐፉ እንዳሳየው፣ መለኪያው ወደ ዓረፍተ ነገሩ መነሻ ከተሻገረ አሻሚነቱ ይጠፋል። «ፎር ፋይቭ ዪርስ» ብሎ የጀመረ ሰው ሴትዮዋን ከሐረር ሊያስወጣት አይችልም። ጄምስ መኮሊ ከእሱ ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ ሁለቱን ፍቺዎች ለይቶ ስም አውጥቶላቸው ነበር። ይህ የቃላት ቅደም ተከተል ጉዳይ በሰዋስው ትምህርታችን ውስጥ ቦታ ሲሰጠው አላየሁም። የሚያሳዝነው፣ ቆይታን በትክክል ለመናገር ለሚፈልግ ሰው ከአሥር የባዶ ቦታ ሙላ ጥያቄዎች ይልቅ ይህ ይጠቅመው ነበር።

ታዲያ የፐርፌክት ድርሻ ምንድን ነው? ሮበርት ማኮርድ በ1978 የተሟገተለት መልስ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፐርፌክት «አሁን»ን ወደ ኋላ ይለጥጣል፤ ጫፉ ንግግሩ የሚነገርበት ቅጽበት የሆነ የጊዜ ስፋት ይዘረጋል። ድርጊቱ ያንን ስፋት ሞልቶት ይሁን ወይም በአንድ ጥጉ ብቻ ተከስቶ እንደሆነ የሚወስኑት መለኪያውና የግሡ ባሕርይ ናቸው። በርናርድ ኮምሪ ስለ አስፔክት (ድርጊት በጊዜ ውስጥ ስላለው አካሄድ) በጻፈው የ1976 መጽሐፉ ከፐርፌክት አገልግሎቶች አንዱን ለዘላቂ ሁኔታ ሰጥቶታል፤ ይህ አገልግሎት እንግሊዝኛን ከብዙ ቋንቋዎች እንደሚለየውም ጠቁሟል። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ በዚሁ ቦታ የአሁን ጊዜ ግሥ ነው የሚያስገቡት፤ «ሦስት ቀን እጠብቃለሁ» እንደማለት ያለ። አየርላንድ ውስጥማ እንግሊዝኛው ራሱ በአይሪሽ ቋንቋ ተጽዕኖ «አይም ሊቪንግ ሂር ቴን ዪርስ» ይላል። ይህንኑ የሚጽፍ የእኛ ተማሪ በቀይ ብዕር ይሰረዝበታል። መሰረዙ ተገቢ ነው፤ የሚፈተነው በሌላ ደረጃ ነውና። «ግድየለሽ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አማርኛ ይህንን ሥራ የሚያከናውነው በራሱ አደረጃጀት ነው። «እዚህ መሥራት ከጀመርኩ አሥር ዓመቴ ነው» ስንል ዋናው ማሰሪያ ግሥ «ነው» ነው፤ የሚያትተውም ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ዓመቱ ነው። ሥራው «ከ» በመራው ጥገኛ ሐረግ ውስጥ መነሻ ምልክት ሆኖ ተተክሏል። ዓመቱ ደግሞ ባለቤት ወጥቶለታል፤ አሥር ዓመቴ፣ አሥር ዓመትህ፣ አሥር ዓመቷ። ወደ ኋላ ለመሄድ «አሥር ዓመቴ ነበር» ማለት ይበቃል፤ ወደ ፊት ከሆነ «በመጪው መስከረም አሥር ዓመት ይሞላኛል»። እንግሊዝኛ ለዚሁ «ሃድ ወርክድ» እና «ዊል ሃቭ ወርክድ» ያሻዋል፤ ተማሪያችንም በሦስት ምዕራፍ ከፋፍሎ ይማራቸዋል፣ በአማርኛ አንዲት ማሰሪያ የምትጨርሰውን ጉዳይ።

ከዚህ ተነሥቶ «አማርኛ ፐርፌክት የለውም» ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው። በሰዋስው መጻሕፍት የቅርብ ኃላፊ የሚባለው መልክ አለ፤ ሠርቻለሁ፣ ኖራለች፣ ተኝቷል። «ልጁ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ተኝቷል» ስንል ልጁ አሁንም እንደተኛ ነው፤ ቆይታው ዛሬን ነክቷል። ተቀመጠ፣ ለበሰ፣ ያዘ፣ ታመመ የመሳሰሉት ግሦች ወደ አንድ ሁኔታ መግባትን ስለሚናገሩ፣ በዚህ መልክ ሲመጡ የምናየው የገባንበትን ሁኔታ ነው። «ሠራ» ሌላ ባሕርይ አለው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ሰው «አሥር ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ» ቢል፣ ጠያቂው «አሁንስ የት ነህ?» ማለቱ አይቀርም። ልክ እንደ ሐረሯ ሴት ጉዳዩ ክፍት ነው። በሁለቱም ቋንቋ ወሳኙ የግሡ ዓይነት መሆኑ ያስገርም ይሆናል፤ ዜኖ ቬንድለር በ1957 ግሦችን ከጊዜ ጋር ባላቸው ዝምድና ሲመድብ ያተኮረውም እዚህ ላይ ነበር።

እውነተኛው መጋጨት የሚፈጠረው በቅጽበት የሚያልቁ ግሦች ላይ ነው። «አባቱ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው» ንጹሕ አማርኛ ነው፤ «ካገባች አምስት ዓመቷ ነው» እንዲሁ። መነሻ ምልክት ለመትከል የቅጽበት ግሥ እንደውም ይመረጣል። እንግሊዝኛ ግን ስፋቱን የሚሞላ ነገር ይፈልጋል፤ ሞት ደግሞ ሦስት ዓመት አይሞላም። ስለዚህ «ሂ ሃዝ ዳይድ ፎር ስሪ ዪርስ» ይሰናከልና «ሂ ሃዝ ቢን ዴድ ፎር ስሪ ዪርስ» ይባላል፤ ግሡ ወጥቶ ሁኔታው ይገባል። ማግባትም እንደዚያው ነው። «ሲንስ ቴን ዪርስ» የሚለው ሌላው የታወቀ ስሕተትም ምንጩ ሩቅ አይደለም፤ «ወዲህ» መነሻ ነጥብንም ርዝመትንም ያስተናግዳል፣ ከሰኞ ወዲህ፣ ከአሥር ዓመት ወዲህ። እንግሊዝኛ ሁለቱን ለሁለት ቃል አካፍሏቸዋል።

ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። እኔ ብጠየቅ ማስተማሩን ከ«ሃቭ» አልጀምርም። እንግሊዝኛ ራሱ ለአማርኛው የሚቀርብ በር አለውና፤ «ኢት ኢዝ ቴን ዪርስ ሲንስ አይ ስታርትድ ወርኪንግ ሂር»። አሜሪካኖች «ኢት ሃዝ ቢን» ማለቱን ይመርጣሉ፤ ቅርጹ ያው ነው። ዓመቱ ተቆጥሯል፣ መነሻው ተተክሏል፣ የመነሻው ግሥም ሲምፕል ፓስት ነው። ተማሪው በዚህ ከገባ በኋላ መነሻውን በሁኔታ ወይም በሚዘልቅ ሥራ ተክቶ ወደ ፐርፌክት መሻገር ይችላል። ኮንቲኒዩሱ ከዚያ በኋላ ብዙም አያስቸግርም፤ ሥራው በሂደት ላይ መሆኑን ያጎላል፣ «ማወቅ»ን ከመሰለ ግሥ ጋር ግን አይስማማም።

አሉታው ግን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ በዚህ ቦታ ሁለቱ ቋንቋዎች በግልባጭ ይሄዳሉ። እንግሊዝኛ «ሂ ሃዝንት ሪትን ቱ ሚ ፎር ስሪ ዪርስ» ይላል፤ አለመጻፍ የሚዘልቅ ሁኔታ ስለሆነ ሦስቱን ዓመት ይሞላዋል። አማርኛ ያንኑ በአዎንታ ይናገራል፤ «ደብዳቤ ከጻፈልኝ ሦስት ዓመቱ»። የመጨረሻው ደብዳቤ መነሻ ምልክት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ ሳይነገር ይታወቃል። አዎንታውን እንደያዘ ወደ ፐርፌክት የገባ ተማሪ «ሂ ሃዝ ሪትን ቱ ሚ ፎር ስሪ ዪርስ» ብሎ ይጽፋል። ሰዋስውን ብቻ የሚያይ አራሚም ስሕተት አያገኝበትም። አንባቢው የሚረዳው ግን ለሦስት ዓመት ደብዳቤ ሲጎርፍለት እንደከረመ ነው።