ደቻቱን ያልተሻገረ መምህር

ከውጭ አገር መጥቶ ድሬዳዋ ላይ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው «ወንዝ» የሚለውን ቃል ለማስረዳት መጽሐፉን ሲከፍት የሚያገኘው ሰማያዊ ውኃ፣ ድልድይና ጀልባ ነው። ተማሪው የሚያውቀው ወንዝ ግን ደቻቱ ነው፤ ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች የሚለይ፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው ደረቅ አሸዋ። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ደጋው ላይ ስለዘነበ ብቻ ድንገት ይሞላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። እንግዲህ አንድ ተማሪ «ወንዙ መጣ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ቢጽፍ፣ አሸዋውን ያልረገጠ መምህር በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል፤ ወንዝ ይፈሳል እንጂ አይመጣም ብሎ። የረገጠው ግን ልጁ የጻፈው ያየውን መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ለዚያ ነገር እንግሊዝኛው ያለውን ቃል ይሰጠዋል። ለዚህ ነው የእንግዳ መምህር የሰፈር ዙረት የትምህርት ዝግጅቱ አካል ነው የምለው። ብዙዎቻችን ግን የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ አድርገን እንቆጥረዋለን።

ክረምትን ደግሞ እዩት። መዝገበ ቃላት «ዊንተር» ይለዋል፤ ፈረንጁ በረዶና ካፖርት ያስባል፤ እዚህ ግን ነገሩ ዝናብና የትምህርት ቤት መዘጋት ነው። ድሬ ላይ አንቱታም ብዙ ቦታ የለውም፤ ልጅ አዛውንቱን «አንተ» ቢል ንቀት የለበትም። ቀፊራ ገበያ ቆሞ ሲገበያዩ የሰማ መምህር፣ ተማሪው ያለ «ፕሊስ» እስክሪብቶ ሲጠይቀው አይቀየምም። ትሕትናን በእንግሊዝኛ ማስተማር እንዳለበት ይገባዋል፤ ልጁ ባለጌ ነው ብሎ ግን አይደመድምም።

ከክፍሉ ውጭ ምንም የማያይ መምህር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ፕላዝማን እናስታውስ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚሰራጭ፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይከታተሉ ነበር። ሥዕሉ ጥሩ፣ ዝግጅቱም የተሟላ ነበር። ነገር ግን የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ተማሪው አነጋገሩ ስለፈጠነበት ሲያማርር፣ ችግሩ ከፍጥነቱ ይልቅ መምህሩ ለማን እንደሚናገር አለማወቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በየክፍለ ሀገሩ ያስተማሩት ሕንዳውያን፣ ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች፣ አማርኛቸው ከሰላምታ ባያልፍም ሒሳብና ፊዚክስ በሚገባ አስተምረዋል፤ ታዲያ ዙረቱ ለምን? እውነት ነው፤ ቀመር ከደቻቱ ጋር ጉዳይ የለውም። ቋንቋ ግን አለው። በ1962 እ.ኤ.አ. የመጡት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞችም በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ፤ ድርጅቱ ከአገሬው ጋር መኖርን የሥራው ክፍል ያደረገው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሌላው ተቃውሞ የባሰ ያሳስበኛል፦ ካሜራ አንግቶ የሚዞር እንግዳ ሰዉን ወደ ትዕይንት ይለውጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ካሜራውን ቤት ትቶ፣ ያው ሻይ ቤት መመላለስ።

እንደልብ መዞር በማይቻልበት ቦታስ፣ ለምሳሌ ሁርሶ ላይ? ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ መስመር ያለችው ሁርሶ የምትታወቀው በወታደራዊ ማሠልጠኛዋ ነው፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. በኋላ አሜሪካውያን አሠልጣኞችም ተቀምጠውባት ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ በር ላይ ዘብ አለ፤ እንግዳ እንዳሻው አይዞርም። ተኩስ በአስተርጓሚና በእጅ ምልክት ሊማሩት ይቻላል። ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ግን አጥሩን ሳያልፍም መዞር ይችላል፤ ምክንያቱም ሠልጣኙ ራሱ ከየአገሩ የመጣ ነው። ጎጃሜው ዓባይን ያውቃል፤ የቦረናው ልጅ ሰው እርስ በርስ ተቀባብሎ ውኃ የሚያወጣበትን ጥልቅ ኤላ ያውቃል፤ የድሬው ልጅ አሸዋውን። መምህሩ መጽሐፉን ለሩብ ሰዓት ዘግቶ «እናንተ አገር ውኃ ከየት ይቀዳል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ለመመለስ የሚያስፈልጓቸውን ቃላት አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።