ቆዳውን ፍታልኝ

አንገቱ ላይ ቆዳ የለበሰ፣ በቆዳው ላይ የናስ ፈርጥ የተደረደረበት ጠመንጃ ለቅሶ ቤት ወይም ሰርግ ላይ ብቅ ሲል ወጣቱ ተሻምቶ ይዳስሰዋል። «የማን እጅ ነው የሠራው!» ይባላል። ባለቤቱም ደረቱን ይነፋል። በላይ ጋይንትም፣ በታች ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም ይህን ያልሰማሁበት ቀበሌ የለም፤ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ጌጥ አይደለም። የተሰነጠቀ እንጨት መሸፈኛ ነው። ሰው የሚያደንቀው የጠመንጃውን ቁስል ነው።

ሁሉም የሚያውቀውን አልደግምም። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ይከለክላል፤ ፈቃድ የሌለው መጀመሪያ እሱን ይጨርስ። ጥይት ሳይወጣለት ጠመንጃ አይመረመርም። የአፈሙዙ ውስጥ በብርሃን ይታያል። መዝጊያው ላይ ያለው ቁጥር አካሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ካልገጠመ፣ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነውና አዋቂ ሳይለካው አይተኮስም፤ ቀለሁ ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ጠመንጃው ይቆለፋል፣ ጥይቱም ለብቻው ይቀመጣል። ይህን ለማወቅ የእኔን ጽሑፍ መጠበቅ የለብህም።

ለቤት ጥበቃ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክርም ብዙ አያስጨንቀኝም። አሜሪካኖች ለዚህ የሚመርጡት ብትን እርሳስ የሚተፋውን፣ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሳቡ የሚያጎርሱትን ጠመንጃ ነው። ጆን ብራውኒንግ የቀረጸው የ1897ቱ (እ.ኤ.አ.) ዊንቸስተር የዚህ ዘር ስመ ጥር አባት ነው። ምርጫቸው ምክንያት አለው። የእኛ የጭቃ ግድግዳ የምንሽርን ጥይት አያቆምም፤ ከጓዳህ የተኮስከው ጎረቤትህ ቤት ይገባል። ብትን እርሳስ ግን ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። ይሁንና በእኛ አገር ከአባት ለልጅ የሚተላለፈው ሌላ ነው። በፈረንሳዮች የ1874 (እ.ኤ.አ.) ጠመንጃ የተጀመረው ውጅግራ አለ፣ ለበን አለ፣ ምንሽር አለ፣ ከሁሉም በላይ ቤልጅግ አለ። ቤልጅግ የተሠራው ሊዬዥ አጠገብ በኤርስታል ባለው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1889 የተቋቋመው የጀርመኑን ማውዘር ለቤልጅየም ጦር ለመሥራት ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጠመንጃ ሸጠ። ብራውኒንግም ከዚሁ ፋብሪካ ጋር ለረጅም ዘመን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1926 እዚያው ሊዬዥ አረፈ። የአሜሪካው ጠመንጃና የጋይንቱ ቤልጅግ በአንድ ቤት በኩል ይዛመዳሉ ማለት ነው። በሽታቸውም አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚሰነጠቁት አንገታቸው ላይ ነው።

አንገት የምለው የቀኝ እጅህ የሚጨብጠውን፣ ከብረቱ ኋላ ያለውን ቀጭን የሰደፍ ክፍል ነው። ከእንጨቱ ሁሉ የቀጠነው እሱ ነው፤ ከባዱን ብረትና ወፍራሙን ሰደፍ የሚያያይዘውም እሱ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ይገፋል። በቤልጅግ ላይ ይህን ግፊት እንዲሸከም የተሠራ ቦታ አለ። ከብረቱ ሆድ ወደ ታች የወጣ ወፍራም ጥርስ በእንጨቱ ውስጥ ካለ ደረጃ ጋር ይጋጠማል፤ ደረጃው እንዳይላቀቅም የብረት ብሎን ከጎን ወደ ጎን ያልፍበታል። ጥርሱ ደረጃውን አጥብቆ እስከያዘ ድረስ ጠመንጃው መቶ ዓመት ይኖራል። ጥርሱና ደረጃው ከተራራቁ ግን ብረቱ በተተኮሰ ቁጥር ትንሽ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ቀጭኑ ጅራቱም እንጨት እንደሚፈልጥ ሽብልቅ አንገቱን ይከፍተዋል። ስንጥቁ መጀመሪያ ከጅራቱ ጫፍ ይነሳል፣ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ ለማንም አይታይም። ከዚያ ወደ ምላጩ ይወርዳል። አንድ ቀን ሰደፉ እጅህ ላይ ይቀራል።

ጥርሱና ደረጃው ለምን ይራራቃሉ? አንደኛው ምክንያት የላላ ብሎን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፍቅር የመሰለ ጥፋት ነው፤ ጠመንጃውን የሚወድ ሰው እንጨቱን ዓመት ሙሉ በዘይት ያጠጣዋል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚቀባም አይቻለሁ። ዘይት የጠጣ እንጨት ከላይ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ ግን ይለሰልሳል፣ ደረጃው በግፊቱ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ደንቤ ይህ ነው፦ ብረቱ ሥር ያለው እንጨት ከጠቆረና ጥፍር ከተቀበለ ያ ጠመንጃ አይገዛም። ሰደፉ የቱንም ያህል ቢያምር አይገዛም።

አሁን ወደ ቆዳው እንመለስ። አንገቱ የተሰነጠቀበት ሰው ወደ ጎበዝ ባለሙያ ቢሄድ መፍትሔ አለው። ብረቱ ይፈታል፣ ስንጥቁ ከዘይቱ ይጸዳል፣ ኮላ ይገባበታል፣ በናስ ወይም በጠንካራ እንጨት ችንካር ከጎን ይያያዛል፣ ከዚያም ስንጥቁን ያመጣው የጥርሱ ቦታ ይስተካከላል። ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ ሲያልቅ ደግሞ ምንም አይታይም፤ የሚደነቅ ነገር የለውም። ሰነፉ ሠራተኛ ግን እርጥብ ቆዳ ጠቅልሎ ይሰፋበታል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አንገቱን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል፣ ለአንድ ክረምት የዳነ ይመስላል። ፈርጥ ይጨምርበታል፤ ዋጋውም ይወጣል። ውስጡ ግን አልተነካም፤ ጅራቱ መፍለጡን አላቆመም። ከዚህ ይባስ ብሎ፣ ቆዳው በጨው የቆየ ከሆነ የጉናን ጉም እየጠጣ ከሥሩ ያለውን ብረት ያዝገዋል። በሽቦ የጠመጠመው ከዚህ አይሻልም። ሚስማር የመታበትን ደግሞ ከባለሙያ ተራ አላስገባውም።

«ንጹሕ ጌጥስ የለም ወይ?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አለ። ጌጥ የሚሠራው የሰደፉ ዳሌ ላይ ወይም ማንገቻው ላይ ነው። አንገት ላይ ግን ጌጥ አይሠራም፤ የሠራም ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ እፈርዳለሁ። ይህን ስል «አያ፣ አበዛኸው» የሚሉኝ አሉ። እስከ ዛሬ ቆዳውን አስፈትቼ ጤነኛ አንገት ያገኘሁበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ቆዳ ያልለበሰውን አንገት እንዴት እንደምትመረምር ልንገርህ። በጣትህ አንጓ ምታው፤ ጤነኛ እንጨት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይፈዛል። ከዚያ ቀጭን ዘይት በጨርቅ ቀብተህ ጥቂት ቆይና ጥርግ አድርገህ አድርቀው። የጠመኔ ዱቄት በላዩ ነስንስ። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ዘይት መልሶ ይተፋና በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይጽፍልሃል። ሻጩ ሲቆጣ ተመልከት፤ ቁጣውም አንድ ማስረጃ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ሰውዬ በመካነ ኢየሱስ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ቤት ይሠሩ ነበር። ወገናቸው ከጋፋት ባለእጆች እንደሚመዘዝ ይናገሩ ነበር። ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበት ስፍራ ነው፤ ሴባስቶፖል የተባለችው መድፍም ከዚያ ወጥታ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል እየተጎተተች በ1860 መቅደላ ደርሳለች። ሽማግሌው ስለ ንጉሡ ሲነሳ ሥራ ያቆሙ ነበር። መሣሪያቸው አንድ መሮ፣ ሁለት ሞረድ፣ አንድ ካቻቢቴና ኩራዝ ብቻ ነበር። ኩራዙ ለብርሃን አልነበረም። የብረቱን ጥርስ በኩራዙ ጭስ ያጠቁሩታል፣ ቀስ አድርገው እንጨቱ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ያነሱታል። ጥላሸቱ እንጨቱ ላይ ባረፈበት ቦታ ብቻ በመሮ አንድ ስስ ልጥ ይልጣሉ። እንደገና ያጨሳሉ፣ እንደገና ያስቀምጣሉ። ደረጃው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር እስኪሆን ድረስ አይለቁትም። በጅራቱ ኋላ ግን የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ይተዋሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ያቺን ክፍተት እንደ ጉድለት ቆጥሬ «አባባ፣ እዚህ ጋ አልገጠመም» አልኳቸው። «እዚያ ጋ ከገጠመማ ይፈልጠዋል» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ዛሬ አዲስ ሰደፍ ሲታይ «ብረቱና እንጨቱ መርፌ አያስገባም» እያለ የሚያደንቅ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ መርፌ መግባት እንዳለበት አያውቅም።

በእንጨት ምርጫም እንዲሁ ጥብቅ ነበሩ። የፈረንጁ ሰደፍ ከሞተ በዋንዛ ይተኩት ነበር፤ ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ አይጣመምም። ጥድ በቀላሉ ስለሚፈለጥ አይነኩትም። ባሕር ዛፍ ይዞ የመጣን ሰው መልሰው ይሸኙት ነበር፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል። ዋንዛም ቢሆን ጅማቱ በአንገቱ ርዝመት ካልሄደ አይቀበሉም። ጅማቱ አንገቱን አቋርጦ ከወጣ ስንጥቁ ገና ከመጀመሪያው ተጀምሯል ማለት ነው። አሁን ገበያ ላይ የማያቸው አዳዲስ ሰደፎች ቫርኒሽ ጠጥተው ይብለጨለጫሉ፤ ጅማታቸው ግን እንዳሻው ይሄዳል። ጣውላው ከየትኛው ወገን እንደተቆረጠ የጠየቀ ገዢ አላየሁም።

ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ቤቱን ሻይ ቤት አደረጉት። ስማዳ ወገዳ ላይ እንደሳቸው ጥላሸት የሚጠቀም አንድ ሌላ ሰው አውቅ ነበር፤ እሱም ወደ ባሕር ዳር ሄዶ የቤት ዕቃ ይሠራል ይባላል። ስለዚህ ገዢው ራሱ ማየት መልመድ አለበት።

ገበያ ስትወጣ በብረቱ ላይ ስለተቀረጸው አንበሳ አትጠይቅ፣ በየትኛው ጦርነት እንደዋለ አትጠይቅ። ቆዳ ካለበት «ፍታልኝ» በል። ከፈታልህ ጠመኔህን አውጣ። አልፈታም ካለህ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።