የኮሶ ሥዕልና የሠዓሊው ስም

ሥዕል ላላየ ሰው ምስክር ነው። ምስክር ሲቀርብም ሁለት ነገር ይመረመራል፤ ቃሉ እውነት መሆኑና ቃሉን የሰጠው ማን መሆኑ። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1790 በኤዲንብራ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛ ክፍል በዚህ ሚዛን ቢመዘን፥ በመጀመሪያው ይመሰገናል፤ በሁለተኛው ይወቀሳል።

በዚያ ክፍል ኮሶ፥ ዋንዛ፥ ቀንጠፋ፥ ቍልቋል፥ እንሰትና ጤፍ ተሥለው ይገኛሉ። ብሩስ የአገሩን ስማቸውን ጠብቆ መጻፉ መልካም ነው። እነዚህ ዕፀዋት ለአውሮፓ ሰው ብርቅ ነበሩ፤ ለኢትዮጵያዊ ግን ኮሶ መድኃኒቱ፥ ጤፍም እንጀራው ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉን የሚያየው ሊደነቅ ሳይሆን ከሚያውቀው ጋራ ሊያስተያይ ነው። ቢያስተያየውም ጥርስ ጥርስ ያለውን ቅጠልና የተንዠረገገውን አበባ አይቶ፥ ይህስ ኮሶ ነው ለማለት አይቸገርም። ጕድለቱ ቀለም ማጣቱ ነው። የኮሶ ወንዴና ሴቴ በየዛፋቸው ለየብቻ ሲሆኑ፥ የሴቴዋ አበባ ቀላ በማለቱ ይታወቃል። ዋናዎቹ ሥዕሎች በውሃ ቀለም የተሠሩ ሲሆኑ፥ የመጽሐፉ ኅትመት ግን በጥቍር መሥመር ብቻ ስለ ሆነ ይህን ልዩነት ሊያሳይ አልቻለም።

ከቀለሙ ይልቅ የሚያሳዝነው የጠፋው ስም ነው። ሥዕሎቹን የሠራው በ1737 በቦሎኛ የተወለደው ኢጣልያዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ብሩስ ሠዓሊ አድርጎ ቀጠረው፤ በ1769 ምጽዋ አብረው ገቡ፤ ወደ ግሽ ዓባይም አብረው ወጡ። ባሉጋኒ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ በጎንደር ሞተ። ብሩስ ግን ሥዕሎቹን የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አቀረበ፤ ባልንጀራው በግሽ አብሮት መኖሩንም አልተናገረም።

በቅኔ ቤት «ቅኔ ዘረፈ» ማለት ከገዛ ልቡ አፍልቆ አሰማ ማለት ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያሰማ ግን በጉባኤው ፊት ያፍራል። የብሩስ ዘረፋ የገበያው ዘረፋ እንጂ የቅኔ ቤቱ አይደለም። የሞተም ሰው ተነሥቶ ሊከራከር አይችልምና፥ ነገሩ ይከብዳል።

ስም የመስጠቱም ነገር ይህንኑ ይመስላል። ብሩስ ኮሶን በእንግሊዛዊው ጆሴፍ ባንክስ ስም ሊያስጠራ ወደደ፤ ነገር ግን ያ ስም አስቀድሞ ለአውስትራልያ ዕፅ ተሰጥቶ ስለ ነበር፥ ሊቃውንቱ ኮሶን በጀርመናዊው ሀገን ስም «ሀጌንያ» አሉት። የዋግኖስ የሳይንስ ስም ደግሞ «ብሩሴያ» ሆነ። ዛፉ የበቀለው በኢትዮጵያ፥ ሥዕሉን የሣለው ባሉጋኒ፤ ስሙ ግን ለሌላ።

በ1991 ሀልተን፥ ሄፐርና ፍሪስ ዛሬ በአሜሪካ በዬል የሚገኙትን ሥዕሎች መርምረው በባሉጋኒ ስም በመጽሐፍ አወጡ። እውነት ሁለት መቶ ዓመት ዘግይታም ቢሆን ደረሰች።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነውና፥ በገላን ኮንዶሚኒየም የሚያድግ ሕፃን ከደጁ ላያገኘው ይችላል፤ የሚያውቀው በሥዕል ይሆናል። እንግዲህ ያን ሥዕል የሚያትም ሁሉ ከግርጌው ሁለት ስም ይጻፍ፤ አንደኛው ኮሶ፥ ሁለተኛው ባሉጋኒ። ምስክሩ ሙሉ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።