«ስበረው!» የሚባልለት ተጫዋች

ቡሬም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የአርሴናልንና የማንቸስተር ዩናይትድን ጨዋታ ያየ ሰው አንድ ነገር ይመሰክርልኛል። የኛ ሰው ኳስ ሲያይ ከአፉ የማይጠፉ ሁለት ቃላት አሉ። የራሱ ቡድን ጎል ሲያገባ «ድገመው!» ይላል። ባላጋራ ኳስ ይዞ መሐል ሜዳውን ሲያቋርጥ ደግሞ «ስበረው!»። የመጀመሪያው ይገባኛል። የሚከነክነኝ ሁለተኛው ነው። ያውም በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ተብሎ በተሰየመ ከተማ!

ጯሂው እኮ ክፉ ሰው አይደለም። የጎረቤት በሬ ቢያነክስ አብሮ የሚያዝን፣ ለቅሶ የማይቀር ጨዋ ሰው ነው። ችግሩ ወዲህ ነው፤ መሐል ሜዳ ቆሞ ኳስ የሚነጥቀውን ተጫዋች ሥራ የሚጠራበት ሌላ ቃል የለውም። ለአግቢው ስንትና ስንት ሙገሳ አለን። ለነጣቂው ያለን አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ እሱም ወንጀል ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህቺኑ ጠባይ በፈተና ወረቀት ላይ አውቃታለሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ማንኩሳ ትገኛለች፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ ያበቀለችው ማንኩሳ። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ጻፉ ሲባሉ ተማሪዎቼ ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቁ ነበር። ስለ ጉዱ ካሣ ሲባሉ ግማሽ ገጽ ሞልተው ይወጣሉ።

ገንዘብ ያላቸውም ቢሆኑ ከዚህ አይነት ዓይን አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ገዛና ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ማኬሌሌ እንደሆነ ጎል አያገባም፣ ፀጉሩም አይወራለትም። ማድሪድ ቀጣዮቹን 3 የውድድር ዓመታት ያለ ሊግ ዋንጫ አሳለፈ፤ ቼልሲ በ2005 እና በ2006 አከታትሎ ወሰደ። ሁሉም በእሱ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ የአብራሞቪች ገንዘብም አለ። ግን ሰውየውን ልብ ብሎ ያየ፣ እግር ሲሰብር ሳይሆን ኳሷ ከመምጣቷ በፊት የምትመጣበት ቦታ ደርሶ ሲጠብቃት ነው የሚያገኘው።

ይህንን ነገር ከሁላችንም አሳጥረው የተናገሩ አንድ አዛውንት ገበሬ አውቃለሁ። በ2009 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ቡሬ ላይ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ቼልሲ እየተጫወተ ነው። ጥቂት አዩና፣ ከዘራቸውን ወደ ንጎሎ ካንቴ ቀስረው «ከነዚህ ሁሉ ሥራ የያዘው ያ አጭሩ ነው። ፈሰስ ነው እሱ» አሉ።

ከተሜ አንባቢዬ ፈሰስን ላያውቃት ይችላል። የምዕራብ ጎጃም ክረምት ብርቱ ነው። ገበሬው ዘሩን ከዘራ በኋላ ማሳውን በሰያፍ አቋርጦ በማረሻ ቦይ ያወጣል፤ ጎርፉን ሰብስባ ወደ ዳር የምትሸኝ ቦይ። ጤፉ ሲያሸት ፈሰሷን ማንም አያያትም። ከሌለች ግን ዘሩም አፈሩም ተያይዘው ይሄዳሉ። ደግሞ ቁልቁለቷ ከበዛ፣ ያቺው ፈሰስ ማሳውን እየበላች ገደል ትሆናለች። ካንቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር ጋር፣ በዓመቱ ከቼልሲ ጋር የእንግሊዝን ሊግ በላ። ሁለት ክለብ፣ ሁለት ዋንጫ፣ በተከታታይ።

ገደል የሆነችውን ማየት የፈለገ ወደ ሮይ ኪን ይሂድ። ታላቅ ተጫዋች ነው፤ አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የማንቸስተር ሲቲውን አልፊ ሃላንድን ጉልበቱ ላይ ረገጠው። ቀይ ካርድ አየ። በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን በቀል አስመስሎ ስላቀረበው፣ ተጨማሪ የ5 ጨዋታ እገዳና 150 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። «ወንድ ማለት እሱ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የተረገጠው ሰው ልጅ አድጎ ለዚያው ለሲቲ ጎል ሲያዘንብ፣ ከኋላው ኳስ እየነጠቀ የሚያቀብለው ሮድሪ እ.ኤ.አ. በ2024 የባሎን ዶር ሽልማትን ወሰደ። ዘመኑ የመጣው በዚህ በኩል ነው። ቪዲዮ ዳኝነት ባለበት ሜዳ የጫማ ጥርስ ቁርጭምጭሚት ላይ ማሳረፍ ቡድንን በ10 ሰው ማስቀረት ነው፤ ነጥቆ፣ ቀና ብሎ፣ ማቀበል ግን ዋጋው ሰማይ ነክቷል።

አንዳንዱ የገና ጨዋታን ያነሳብኛል። «የኛ ባህል ጠንካራ ጨዋታ ነው፤ በገና ጌታው ቢመታ እንኳ አይቆጣም» ይለኛል። እውነት ነው፣ አይቆጣም። ግን ያ ምሕረት ሩሯን ሲያሳድድ ለሳተ ዱላ የተሰጠ ነው። ሩሯን ትቶ የጌታውን ቅልጥም ለሚፈልግ ሎሌ የተሰጠ ፈቃድ አድርጎ የሚያነበው፣ ጽሑፉን አላነበበም።

ወደ ራሳችን ቡድን ስመጣ የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው። በጥር 2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃው የሰውነት ቢሻው ቡድን ደቡብ አፍሪካ ላይ ቡርኪናፋሶን ገጠመ። የኛ ልጆች በአጭር ቅብብል ዓይን ያስደስቱ ነበር። 1 ለ 0 እየተመራን የቡርኪና በረኛ በቀይ ወጣ። ባላጋራችን 10 ሆነ። ከዚያ በኋላ 3 ጎል የገባው በማን ላይ ነው? በኛ ላይ። 4 ለ 0። አቻ ለመሆን ሁሉም ወደፊት ነጎደ፤ ማሳው ያለ ፈሰስ ቀረ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ደግሞ አማካዩ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ ሲገባው ቦትስዋና ላይ ተሰለፈና ፊፋ 3 ነጥብ ቀነሰብን። ስህተቱን ፌዴሬሽኑ ራሱ አመነ። አገር ሙሉ ተከራከረበት፤ ቢጫውን መቁጠር የነበረበት ማን ነው፣ ማን ይባረር ተባለ። ያ ሁሉ ልጅ ኳስ ተነጥቆ ወደ ኋላ ሲሮጥ መሐል ላይ የሚጠብቀው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበረም።