ያው ተመልካች ነገም እንዲመጣ

ሥራዬ ለቴአትር ተመልካች ማምጣት ነው። በእኛ አገር አንድ ተውኔት የራሱ ቀን ይሰጠውና፣ ከቀናው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በዚያው ቀን ይታያል። ልፋቴ በየሳምንቱ ለዚያው ተውኔት አዲስ ሰው መፈለግ ነው። የፊሊፕ ሄንስሎውን የሒሳብ መዝገብ ሳነብ ግን የተገላቢጦሹን አገኘሁ።

ሄንስሎው እ.ኤ.አ. በ1587 ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ሮዝ የተባለውን ቴአትር ቤት ያሠራ ነጋዴ ነው። የዘመኑ ለንደን ነዋሪ 200 ሺህ ገደማ ነበር፤ አንድ ተውኔት ቢደጋገም ተመልካቹ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ያው ሰው ነገም እንዲመጣ በየቀኑ ተውኔት ይለዋወጣል። ከ1594 እስከ 1595 በነበረው የትዕይንት ወቅት ሮዝ ላይ የሚጫወተው የአድሚራሉ ቡድን 38 ተውኔቶች አሳይቷል፤ 21ዱ አዲስ ነበሩ። ተዋንያኑ ያን ሁሉ ቃለ ተውኔት እንዴት እንደያዙት ሳስበው ይደንቀኛል።

ዋጋውም ለተመላላሽ የተመቸ ነበር። አንድ ፔኒ የከፈለ ሜዳው ላይ ቆሞ ያያል፤ መቀመጥ ያማረው ወደ ሰገነቱ ሲወጣ ሌላ ፔኒ ይጨምራል። ገንዘቡ የሚገባው አፏ ጠባብ በሆነች ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ካልተሰበረች ሳንቲሙ አይወጣም። የሮዝ መሠረት በ1989 ሲቆፈር የእነዚህ ዕቃዎች ስብርባሪ ተገኝቷል። ከሰገነቱ ገቢ ግማሹ የሄንስሎው ሲሆን፣ የተረፈው ከበሩ ፔኒ ጋር ለተዋንያኑ ይሆናል።

የታተመ ማስታወቂያ በየምሰሶው ይለጠፍ ነበር። እኔ የማስበልጠው ግን ሌላውን ነው፤ ትዕይንቱ ሲያበቃ አንድ ተዋናይ ወጥቶ የነገውን ተውኔት ያስታውቃል። ከፍሎ የገባ፣ ገና ስሜቱ ያልበረደ ሰው ፊት ለፊት አለ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ እኛ ግን መብራት አብርተን እናሰናብተዋለን።

የሚያሳዝነኝ የደራሲው ነገር ነው። ቶማስ ሄይዉድ በ1603 ለአንድ ተውኔት 6 ፓውንድ ተከፈለው፤ ለዚያው ተውኔት የተገዛው ጥቁር የከፋይ ቀሚስ 6 ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ወጣበት። ቀሚሱ ለሌላ ትዕይንትም ስለሚያገለግል የነጋዴው ስሌት ይገባኛል። ተውኔቱ ግን አንዴ ከተሸጠ የቡድኑ ነው፤ ቢደጋገምም ለጸሐፊው የሚጨመር የለም። በየቀኑ የሚለዋወጠው መድረክ ቶሎና በርካሽ የሚጽፍ እጅ ይፈልግ ነበር። እኔ ከሄንስሎው ማስታወቂያውን እወስዳለሁ፤ ደራሲው ግን ከየትዕይንቱ ገቢ ድርሻውን እንዲያገኝ እፈልጋለሁ።