የግብጦው ከረጢት

«ዶክተር፣ ሴንትሪፊውጅ እያለን ሳምንት ሙሉ ውሃ የምንቀይረው ለምንድን ነው?» አለችኝ በቅርቡ ላቦራቶሪያችን የገባች ተማሪ። ቆሜ መመለስ ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ ምሳ ሰዓት አለፈ።

የምናጥባቸው የጄል ቅንጣቶች ከናይፓምና ከሜታክሪሊክ አሲድ የተሠሩ ናቸው፤ አሠራሩ ፔልተንና ቺባንቴ እ.ኤ.አ. በ1986 ካሳዩት መንገድ የመጣ ነው። ፒኤች ከፍ ሲል ያብጣሉ፣ ዝቅ ሲል ይሟሽሻሉ። ይህን ማሳየት ቀላል ነው። ከባዱ ያበጠው ራሱ ቅንጣቱ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ስንሠራ የጨመርነው ሳሙና የፖሊመር ሰንሰለቶቹ ላይ ተጣብቆ ለብቻውም ያሳብጣቸዋል። ቅንጣት ውስጥ ሳይገቡ የቀሩ ልቅ አጫጭር ሰንሰለቶች ደግሞ በቲትሬሽን ጊዜ ቤዙን እየጠጡ እንደ ቅንጣቱ አሲድ ይቆጠራሉ።

እኔም ቆጥሬያቸዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ በደስታ ለአማካሪዬ ያሳየሁት ግራፍ ከአሥር ቀን እጥበት በኋላ ሲደገም ሌላ ሆነ። ከቆጠርኩት አሲድ ብዙው ውሃው ውስጥ ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ሴንትሪፊውጅ አያጥብም አልልም። ግን ትንንሾቹ ቅንጣቶች አይዘቅጡም፤ ከላይኛው ውሃ ጋር ይደፋሉ። ከዚያ ወዲያ «መጠናቸው አንድ ዓይነት ነው» ብሎ መጻፍ የደፉትን አለመቁጠር ነው። ታች የተጠቀጠቁትም ሁሉም ተመልሰው አይለያዩም። ስለዚህ ቅንጣቶቹን ቋጥረን ውሃ ውስጥ የምናኖርበትን የዳያሊሲስ ከረጢት እመርጣለሁ፤ ያውም ልቅ ሰንሰለቶቹ እንዲወጡ ቀዳዳው ሰፋ ያለውን፣ 300 ሺህ ዳልተኑን። ዋጋው ይጎዳል፤ ቢሆንም እገዛዋለሁ።

ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። አያቴ የቆላችውን ግብጦ በጆንያ ቋጥራ ወንዝ ውስጥ ታኖረው ነበር። ውሃው መራራውን ይወስዳል፣ ፍሬው ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ሰርቄ ቀምሼ አፌ ሲመር ሳቀች፤ «ገና ነው» ብላ ጆንያውን መልሳ ቋጠረችው። እሷ በምላሷ የምታውቀውን እኔ የማውቀው የውጪውን ውሃ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በመለካት ነው። ውጭ አገር በነበርኩበት ክረምት ሞተች። ከዚያ ወዲህ ከረጢት ስቋጥር እጇ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም።

የተማሪዬ ከረጢት ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ስትለካው የውጪው ውሃ አስተላላፊነት አሁንም ከንጹሑ ይበልጥ ነበር። ውሃውን ቀይራለች።