ከሞስኮ በቀጥታ፣ ከሞስኮ በለንደን በኩል

በደርግ ዘመን ከሞስኮ ስለመጡት የአማርኛ መጻሕፍት ሲወሳ ክርክሩ ከሁለት ነገር አያልፍም። የሚያሞግሳቸው ርካሽነታቸውንና ወደ ንባብ የሳቡትን ወጣት ያነሣል። የሚነቅፋቸው የሌኒንን ድርሳናት አስታውሶ ሁሉንም በቅስቀሳነት ይፈርጃል። የትርጉሙን ሥራ ግን ሁለቱም ገልጠው አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ1931 የተቋቋመው የሞስኮው ፕሮግረስ ሲያሳትም፣ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም እዚህ ሲያሠራጭ፣ ሩሲያኛና አማርኛ ያለ አማላጅ ተገናኝተዋል። የሶቪየቱ የአማርኛ ምሁር ጋንኪን ያዘጋጀው የአማርኛ–ሩሲያኛ መዝገበ ቃላት ሞስኮ ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ከአብዮቱ በፊት ነው፤ መንገዱ በካድሬ ትእዛዝ ብቻ የተጠረገ አልነበረም።

ከዚያ ውጭ በእጃችን የገባው የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ባመዛኙ በእንግሊዝኛ በኩል የዞረ ነው። ዙሩ ያስቀረብንን ለማየት የቼኾቭን «ባለ ውሻዋ እመቤት» ማንበብ ይበቃል። ጉሮቭና አና ሰርጌይቭና መጀመሪያ በአክብሮት ይነጋገራሉ። ከተቀራረቡ በኋላ እሱ ወደ አንቺታ ይወርዳል፤ እሷ ግን ለረጅም ጊዜ በእርስዎታው ትጸናለች። ጸጸቷ፣ የእሱ ቸልታና በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁሉ በዚህ አለመመጣጠን ውስጥ አለ፤ ቼኾቭ አንድም የማብራሪያ ቃል አልጨመረም። እንግሊዝኛው ለሁለቱም ያለው አንድ መጠሪያ ስለሆነ ልዩነቱ እዚያ ይጠፋል። ከእንግሊዝኛው የሚመልሰው አማርኛ ተርጓሚ ደግሞ መገመት አለበት፤ አብረው ያደሩ ፍቅረኞችን ማንም አንተና አንቺ ያባብላቸዋል። ሩሲያኛው የነገረንን፣ አማርኛችንም ያለ ችግር ሊናገር የሚችለውን፣ መካከለኛው ቋንቋ ዋጠው። ጉድለቱ የተርጓሚው ስንፍና ውጤት አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ያመጣው ነው። በየገጹ ሲደጋገም ግን የሩሲያ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ማዕረግና ዕድሜ የማያውቁ እኩዮች ይመስላሉ። ባላባቱና አሽከሩ፣ አማቱና ምራቷ በአንድ ድምፅ ያወራሉ።

ይህን የሚያርም ልማድ በአገራችን ጠፍቶ አይደለም። የድጓ ተማሪ በየትም ደብር ይማር፣ በመምህርነት የሚታመነው ጋይንት ወርዶ ቤተ ልሔም ሲያስመሰክር ነው። ዜማውን ከምንጩ መምህር ፊት ያዜማል፤ የሳተው ይታረማል፤ የተማረበት ደብር ዝና ከዚህ ፈተና አያድነውም። የኅትመት ገበያችን እንዲህ ያለ ማስመስከሪያ የለውም። የትርጉም መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ቅጂው ጋር እንኳ ሳይተያይ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ከሩሲያኛው ጋር ማስተያየትማ ጭራሽ አይታሰብም።

የሞስኮው ግንኙነት ግን ከባድ ነውር ነበረበት። ለማስገባት ሰፊ የነበረው በር ለማውጣት ጠባብ ነበር። ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. የገባበት ጠፋ። የውጭ ድርሰት ለወገኑ እያቀረበ የወገኑን ድርሰት የሚያፍን ሥርዓት የመጻሕፍት ወዳጅ ሊባል አይችልም። ልብ ወለዱ ለንደንና ኒው ዮርክ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2025፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ አብረው ተረጎሙት፤ ማክለሆስና ሶሆ አሳተሙት። እዚህም ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ለአንድ ኮሎኔልም ሆነ ለፍቅረኛው ለፊያሜታ ሲናገር የእንግሊዝኛው መጠሪያ ያው አንዱ ነው። ሆኖም ከአማርኛው ጋር ፊት ለፊት የተያየ ሥራ ነውና የሚቀርበትን እያወቀ በሌላ መንገድ ሊያካክስ ይችላል። ሁለት ሰዎች ከሁለት ቋንቋ መጥተው በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ መቀመጣቸው ለእኔ ከየትኛውም የባህል ስምምነት ይበልጣል፤ በዓሉም ይህ ይገባው ነበር።

ከሩሲያኛ ጋርም ይኸው ይቻላል። በሶቪየት ኅብረት የተማሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ያ ትውልድ አሁን እያረጀ ነው። አሳታሚዎች እያንዳንዱ ትርጉም ከየትኛው ቋንቋ እንደተመለሰ በርዕስ ገጹ ላይ ይግለጹ። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣውንም ሩሲያኛ ለሚያውቅ አርታዒ ተገቢውን ከፍለው ከዋናው ጋር ያስተያዩት። ዕውቀቱ ከባለቤቶቹ ጋር ሳይቀበር መጀመር ያለበት ሥራ ይህ ነው።